«ለእርስዎ ብጨምር ለሌላው ምን እላለሁ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ደመወዝ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች እየበዙ ስለመጡ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ሦስቱም ጠያቂዎች የአዳማ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ በጠየቁን መሠረት ስማቸውንም ሆነ የሚሠሩበትን ድርጅት አልጠቀስንም።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል በሂሳብ ክፍል መሥራት ከጀመርሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ያልተጣራ ደመወዜ 14,000 ብር ነው። ባለፈው ዓመት ስቶሩንና የወጪ ቁጥጥሩን በ12,000 ብር ይሠራ የነበረው ባልደረባዬ ሲለቅ፣ «ሰው እስኪተካ ድረስ» ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ፤ እስከ ዛሬም የተተካ ሰው የለም። የሆቴሉን ባለቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ሥራውን ያገኘሁትም በእርሳቸው በጎ ፈቃድ ነው። ደመወዝ ይጨመርልኝ ለማለት ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የጻፍሁት የቤት ኪራይ መወደዱን፣ ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ መሆኔን፣ በዚህ ደመወዝ ወሩን መዝለቅ እንዳቃተኝ ነው። ምን ብዬ ብጽፍ ይሰሙኛል?
ይሉኝታ የያዛት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ቀደዱት። ይህን የምለው ችግርዎን አቃልዬ አይደለም። እኔ ራሴ በአንድ ፋብሪካ የአስተዳደር ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስሠራ፣ «ጉዳዩ፦ የደመወዝ ጭማሪ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ» የሚል ርእስ ያላቸውን ማመልከቻዎች ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየተቀበልሁ በየሠራተኛው ማኅደር አስገባ ነበር። አብዛኞቹ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኔ ታውቆ»፣ «የኑሮው ውድነት ከግምት ገብቶ» እያሉ የሚቀጥሉ ነበሩ። በጠርዛቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ የሚመለሰው ቃልም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ለፋይል»። ሥራ አስኪያጁ ልበ ደንዳና ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛ ለቅሶ ሲደርስበት ከሁሉ ቀድመው የሚገኙት እርሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ደፍሬ ስጠይቃቸው እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ኑሮ ተወደደ ብሎ ለጠየቀኝ ብጨምርለት፣ ነገ ጠዋት በር ላይ ለሚሰለፈው ለሌላው ምን እላለሁ? የተወደደው ለእርሱ ብቻ ነው እንዴ?»

ጋሼም ማመልከቻዎን ሲያነቡ በልባቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲገባ ያየነው ሁላችንም ነን። የእርስዎን ኪራይ ያስወደደው ነገር የአስተናጋጁንም፣ የዘበኛውንም፣ የክፍል አጽጂዋንም ኪራይ አስወድዷል፤ ጋሼ ራሳቸው ዘይቱንና ሥጋውን የሚገዙት በዚሁ ገበያ ነው። ስለዚህ እውነት የሆነው ምክንያትዎ ሁሉንም ሰው የሚመለከት በመሆኑ ብቻ ለእርስዎ አይሠራም። የሚያስፈልግዎ ጋሼ ለእርስዎ እሺ ብለው፣ ነገ ሌላው ሠራተኛ «ለእርሷ ለምን?» ሲላቸው ሳይጨነቁ የሚመልሱበት ምክንያት ነው። ደግሞም እርስዎ እንዲህ ያለ ምክንያት አለዎት፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርገው አለፉት እንጂ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ ይዘዋል።

ይህንንም ቢሆን «የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ ነው» ብለው በደፈናው ካቀረቡት ከምሬት አይቆጠርም ማለት አይቻልም፤ ጋሼም «ያ ልጅ እኮ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ነበር የሚውለው» ሊሉዎት ይችላሉ። ሥራው በወረቀት መታየት አለበት። የስቶሩን ቢን ካርዶች (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብባቸውን) አውጡና የለቀቀው ባልደረባዎ በነበረበት ጊዜ የተደረገውን ቆጠራ እርስዎ ከተረከቡ በኋላ ከተደረጉት ጋር አስተያዩ፤ በካርዱ ላይ ባለው ቀሪና በመደርደሪያው ላይ በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ጠብቦ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ስለሆነች ሌላ ጥሩ ማሳያም አለዎት። አዘጋጁ ለ120 ሰው ምሳና የሻይ እረፍት አዝዞ በሁለተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው 90 ሰው በሚሆንበት ጊዜ፣ ኩሽናው አሁንም ለ120 ሰው ከስቶር ያወጣል ወይስ እርስዎ ጠዋት የተሰብሳቢውን ቁጥር አረጋግጠው ወጪ ማዘዣውን ያስተካክላሉ? ይህን እያደረጉ ከሆነ የሦስት ስብሰባዎችን ማዘዣ ጎን ለጎን አስቀምጡና ያልባከነውን ሥጋና ዘይት በብር አስሉት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው ብለው ይጻፉት። ባለቤት የሆነ ሰው ሂሳብ ሲጋነንበት ወዲያው ያውቃል፤ አንድ ቁጥር ካልታመነ ደግሞ ሌሎቹም አይታመኑም።

ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ቀድሞ የተቀጠሩበት የሥራ ዝርዝር፣ ከመቼ ጀምሮ ምን እንደተጨመረ፣ በዚያ ሥራ ምን እንደተገኘ፣ በመጨረሻም የሚጠይቁት የብር መጠን ይስፈርበት። ታናሽ ወንድምዎን በወረቀቱ ላይ አያስገቡት።

የብሩ መጠን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። አሁን ከ14,000 ብርዎ 2,850 ብር ለግብር፣ 980 ብር ለጡረታ ሄዶ 10,170 ብር እጅዎ ይገባል። ደመወዝዎ በእነዚህ ድንጋጌዎች ከፍተኛው የግብር እርከን መነሻ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ከሚጨመረው ከእያንዳንዱ 100 ብር እጅዎ የሚገባው 58 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ 4,000 ብር ተጨምሮልዎ ደመወዝዎ 18,000 ቢሆን፣ ወር ሲደርስ ልዩነቱ 2,320 ብር ይሆናል። «4,000 ብር ይጨመርልኝ» ሲሉ በሐሳብዎ ያለው ተጣርቶ እጅዎ የሚገባው 4,000 ከሆነ ግን መጠየቅ ያለብዎ ወደ 6,900 ብር ነው። የሂሳብ ሰው ሆነው ይህን መንገሬ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሌላውን ፔሮል በየወሩ ሳይሳሳቱ እየሠሩ የራሳቸውን ጭማሪ በጥቅሉ ጠይቀው በተጣራው የተከፉ የሂሳብ ሠራተኞች አጋጥመውኛል።

ይኸው ስሌት ከጋሼ ወገን ሲታይ ሌላ ነገር ያሳያል። የለቀቀው ባልደረባዎ 12,000 ብር ይከፈለው ከነበረ፣ የጡረታ መዋጮውን ጨምሮ ሆቴሉ በየወሩ 13,320 ብር ያወጣበት ነበር። ለእርስዎ የሚደረገው የ4,000 ብር ጭማሪ ከነመዋጮው 4,440 ብር ነው። ጋሼ ጭማሪውን ሰጥተውም በየወሩ 8,880 ብር ይተርፋቸዋል። ለሌሎቹ የሚሰጡት መልስም እዚሁ ውስጥ አለ፦ «እርሷ የአንድ ሰው ቦታ ደርባ ይዛለች።» እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከ5,000 ጀምሬ ለ4,000 ቦታ እተው ነበር፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን የስቶሩ ሥራ ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ መጠየቅ ያዋጣዎታል።

አንድ ነገር ከዚህ ለይተው ይያዙ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስብሰባ ባለበት ሳምንት ታዝዘው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስቶር ውስጥ የሚቆዩ ከሆነ፣ ያ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነውና ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይገባዎታል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንታዊ የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ይህ የተሠራበት ገንዘብ ስለሆነ በጭማሪ ጥያቄ ውስጥ ቀላቅለው አያቅርቡት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጋሼ በአንድ እጃቸው ከፍለው በሌላው የጨመሩ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ይሉኝታው እንምጣ። ሥራ ያስገባዎትን፣ የአባትዎን ወዳጅ ገንዘብ መጠየቅ ከባድ መሆኑን አልክድም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ቢባልም፣ አባባሉ አነጋገሩ እንዴት እንደሆነ አይነግረንም። ከሁሉ አስቀድሞ አባትዎን አማላጅ አድርገው እንዳይልኩባቸው። ይህን የሚመክርዎ ዘመድ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጉዳዩ በሽምግልና ከገባ የሥራ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የውለታ ጥያቄ ይሆናል፤ ጋሼም ቢጨምሩ ለአባትዎ ሲሉ የጨመሩት ይሆናል። ቡና በሚጠጡበት ሰዓት፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመው ሳሉ፣ ወይም ፔሮል በሚፈርሙበት ዕለት አያንሡት። አንድ ቀን ቀደም ብለው፣ «ጋሼ፣ ስለ ሥራዬ የማነጋግርዎ ነገር ስላለ ነገ የሚመችዎት ሰዓት ካለ ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ» ይበሉ። ሲገቡ ምስጋናው አጭርና እውነተኛ ይሁን፦ «ሥራውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልረሳሁትም። ዛሬ የመጣሁት ግን ስቶሩን ከተረከብሁ ወዲህ የሠራሁትን እንዲያዩልኝና ደመወዜም በዚያው ልክ እንዲታይልኝ ነው።» ወረቀቱን ይስጧቸውና ዝም ይበሉ። እስኪያነቡ ድረስ ያለው ዝምታ ረጅም ይመስላል፤ ብዙዎች የሚሸነፉት በዚያች ደቂቃ «ግድ የለም ጋሼ፣ ባይሆንም…» ብለው የራሳቸውን ጥያቄ ራሳቸው ሲሰርዙ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሆቴልዎ እንደ ብዙዎቹ ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሳይጸድቅ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ማቅረብ ከሐምሌ ይሻላል። «አሁን አይቻልም» ካሉዎት «መቼ ይቻላል? ምን ሲሟላ?» ብለው ይጠይቁና ያሉትን በዚያው ዕለት በአጭር ማስታወሻ ጽፈው ያድርሷቸው። እሺ ካሉም በቃል አይቅር፤ አዲሱ ደመወዝ፣ አዲሱ የሥራ መደብና የሚጀምርበት ቀን ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት አንድ ኮፒ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ገንዘቡ ከጠበቀባቸው የመደቡን ስም ማስተካከል ወይም የትራንስፖርት አበል ሊነሣ ይችላል። አበሉ በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነጻ ስለሆነ፣ ለእርሳቸው ያው ብር ሆኖ ለእርስዎ ከደመወዝ ጭማሪው የበለጠ እጅ የሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ በከተማችን በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። መንግሥት ለሠራተኞቹ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደመወዝ ሲጨምር ለእኛ ምንም አልተደረገም። ሕጉ ለእኛም እንዲጨመር አያስገድድም? ጥያቄውን ለብቻዬ ባነሣ እባረራለሁ ብዬ እፈራለሁ።
ከፋብሪካው፣ አዳማ

መልስ፦ የመንግሥት ሠራተኞች ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ያሳደገው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው፤ የግል አሠሪን አይመለከትም። በግሉ ዘርፍ ሁሉንም የሚገዛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኢኮኖሚውን ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖርና ሥልጣኑም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ይላል፤ እርስዎ ግን የዛሬውን ጥያቄ በዚያ ላይ ሊመሠርቱት አይችሉም።

ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የኑሮ ውድነት ለአንድ ሰው ጥያቄ አይሆንም ብያለሁ። ለእርስዎ የምለው የዚያ ግልባጩ ነው፤ የሁሉም የሆነ ምክንያት በሁሉም ስም ሲቀርብ ይሠራል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ማኅበሩ ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ይችላል፤ ሳይስማሙ ቢቀሩም የደመወዝ አወሳሰን የወል (የጋራ) የሥራ ክርክር ሆኖ በአስማሚና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በኩል ሊታይ ይችላል። «ለሌላው ምን እላለሁ?» የሚለው የአሠሪው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም፤ ሌላውም አብሮ ተቀምጧልና። ፍርሃትዎን በተመለከተ፣ የማኅበር አባል መሆንም ሆነ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለሥራ ውል መቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ደንግጓል። ይህ ማለት ማንም አለቃ ፊቱን አያጠቁርብዎትም ማለት አይደለም፤ ፊት መጥቆርና ከሥራ መሰናበት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለብቻዎ የሚያነሡት ነገርም ሊኖርዎ ይችላል። ከቀጥታ ስፌት ማሽኑ በተጨማሪ ኦቨርሎክና የቁልፍ ቀዳዳ ማሽን መሥራት የሚችሉ፣ ሰው በቀረ ቁጥር የሚጠሩት እርስዎ ከሆኑ፣ በየትኛው ቀን በማን ቦታ እንደተተኩ በደብተር ይመዝግቡ። የሁለት ወር መዝገብ ለሱፐርቫይዘርዎ የሚሰጠው ጉልበት አለ፤ እርሱም ወደ ላይ ሲያቀርብልዎ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ በዱቄት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ 16,000 ብር ነው። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት በ21,000 ብር ሊወስደኝ በቃል ነግሮኛል። ይህን ለአለቃዬ ነግሬ «ካልጨመራችሁ እሄዳለሁ» ብል ያዋጣኛል?
ጥገናው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለመሄድ ቆርጠው ከሆነ ያዋጣል፤ ለማስፈራራት ብቻ ከሆነ አያዋጣም፤ «መልካም ጉዞ» ሊሉዎት ይችላሉና። በቃል የተነገረን ነገር ይዘው አይነሡ፤ ደመወዙና የሚጀምሩበት ቀን የተጻፈበት የቅጥር ደብዳቤ ይጠይቋቸው። ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብዎም አዲሱ ድርጅት ያን ያህል መጠበቅ መቻሉን ያረጋግጡ።

እኔ ብሆን ግን በመጀመሪያ የደብዳቤውን ነገር ሳላነሣ እጠይቅ ነበር። አለቆች የሌላ ድርጅት ደብዳቤ የሚጠሉት ከኩራት ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው በደብዳቤ ምክንያት ከጨመሩ የቀሩት ጥገናዎች ሁሉ ደብዳቤ ፍለጋ እንደሚወጡ ያውቃሉ። ይልቅ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ብልሽት በቆመ ቁጥር በስንት ሰዓት ውስጥ እንዳስነሡት፣ በዚያ ጊዜ ስንት ኩንታል ስንዴ ሳይፈጭ ይቀር እንደነበር ከጥገና መዝገቡ አውጥተው ያሳዩ። ከዚህ በኋላም እምቢ ካሉ፣ ያኔ ደብዳቤውን በትሕትና ያሳዩ፦ «መቆየት ነው የምፈልገው፤ ይህ ግን መጥቶልኛል። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።» እስከዚያው ለባልደረቦችዎ አይንገሩ። በአዳማ የፋብሪካና የሆቴል ባለቤቶች በሰርግና በለቅሶ በየሳምንቱ ስለሚገናኙ፣ ወሬው ከእርስዎ ቀድሞ አለቃዎ ዘንድ ይደርሳል።

ከዓርብ በፊት አንድ ስሌት ይሥሩ። የ5,000 ብሩ ልዩነት ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጅዎ የሚገባው 2,900 ብር ነው። አሁን ቤተሰብዎ ዘንድ አዳማ ከሆነ የሚኖሩት፣ ወይ አዲስ አበባ ቤት ይከራያሉ፣ ወይ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ ይመላለሳሉ። በፍጥነት መንገዱ የሚሄደውን ሚኒባስ የአንድ ቀን ሂሳብ በወሩ የሥራ ቀናት ያባዙና ከ2,900 ብር ላይ ይቀንሱት። የሚቀረው ቁጥር ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ለአለቃዎ የሚያሳዩት ደብዳቤ ለእርስዎም የማይጠቅም ደብዳቤ ነው፤ እንዲያ ከሆነ መዝገቡን ብቻ ይዘው ይግቡ።